ጀርባቸው ክፍት የሆነ የፕላናር ጆሮ ማዳመጫዎች ጥሩ ድምፅና ምቾት እንዲሰጡ ምን ማድረግ ይገባል?

ለአስመጪዎችና ለባለ ሱቆች የቀረበ ትምህርት

ነጋዴ የሚሸጠውን ዕቃ ማወቅ እንደሚገባው ሁላችንም እንናገራለን። ዳሩ ግን ዕቃን ማወቅ ማለት ስሙንና ዋጋውን ማወቅ ብቻ አይደለም። አንዳንዱ ዕቃ ከመደርደሪያ ወርዶ በገዥው እጅ እንደ ገባ ወዲያውኑ አገልግሎቱን ይሰጣል፤ ባልዲና ማንኪያ እንዲህ ያሉ ናቸው። አንዳንዱ ዕቃ ግን በራሱ እንከን የሌለበት ሆኖ ሳለ፣ ከማይስማማው ቦታ ወይም ከማይስማማው መሣሪያ ጋራ ሲገናኝ የተበላሸ መስሎ ይታያል። ገዥው «ብልሹ ዕቃ ሸጣችሁልኝ» ብሎ ይመልሰዋል፤ ነጋዴውም መርምሮ አንዳች ጉድለት አያገኝበትም። ሁለቱም የተናገሩት በቅን ልቡና ነው፤ ሁለቱም ግን ይጎዳሉ።

ፕላናር ማግኔቲክ የተባለው ጀርባው ክፍት የጆሮ ማዳመጫ ከዚህ ከሁለተኛው ወገን የሚቈጠር ዕቃ ነው። የሚፈልጉትም የሙዚቃ አቀናባሪዎች፣ የፊልም ድምፅ አስተካካዮችና ሙዚቃን በጥሞና መስማት የሚወዱ ሰዎች ናቸው። ዋጋው ከተራው ማዳመጫ ብዙ ጊዜ እጥፍ ድርብ ስለ ሆነ፣ አንዱ እንኳ ተመልሶ ሲመጣ የብዙዎቹን ትርፍ ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ሻጩ ዕቃውን ከመስጠቱ አስቀድሞ ሦስት ጥያቄዎች መጠየቅ አለበት። እነዚህም፣ የት ሆነው ያዳምጡበታል? ከምን መሣሪያ ጋራ ያገናኙታል? በራስዎ ላይ ለምን ያህል ጊዜ ይቈያል? የሚሉ ናቸው። ጥያቄዎቹ የሚያስፈልጉበትን ምክንያት ከዚህ በታች በየተራው እናስረዳለን።

1ኛ/ የዕቃው ጠባይ

በተለምዶ ሄድፎን የምንለው ተራው የጆሮ ማዳመጫ በውስጡ አንዲት ትንሽ ገለፈት አለችው። በገለፈቷ ላይ የተጣበቀው የሽቦ ጥቅል በማግኔት አጠገብ ሲንቀሳቀስ እርስዋን እየገፋና እየሳበ ድምፅ ያሰማል። ነገር ግን ኃይሉ የሚያርፈው ጥቅሉ በተጣበቀበት ስፍራ ብቻ ነው። ይህም አንድ ሰው ሰሌንን መካከሉን ብቻ ይዞ ሲያነሣው፣ ዳር ዳሩ እየተንጠለጠለ ወደ ኋላ እንደሚቀር ያለ ነው።

በፕላናሩ ግን ሥራው ሌላ ነው። ገለፈቱ ከጠጉር የቀጠነ ጠፍጣፋ ፕላስቲክ ሲሆን፣ የኤሌክትሪክ መስመሩ በገጹ ላይ እየተጠማዘዘ ተነጥፎበታል። በአንድ ወገን ወይም በሁለቱም ወገን የማግኔት ዘንጎች ተደርድረዋል። ኤሌክትሪክ በመስመሩ ሲያልፍ ገለፈቱ በሙሉ በአንድነት ይንቀሳቀሳል፤ ብዙ ሰዎች ዙሪያውን ይዘው እንደሚያነሡት ሰሌን ማለት ነው። ስለዚህ በተለይ ወፍራሙ ድምፅ ሳይዛባ ጥርት ብሎ ይሰማል። የዚህ ጥቅም ዋጋ ግን ማግኔቶቹ ናቸው፤ ብዙ በመሆናቸው ዕቃውን ያከብዱታል።

ይህ አሠራር ትናንት የተወለደ አይደለም። የጃፓኑ ያማሃ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1976 ዓ.ም. ኤችፒ-1 የተባለውን ማዳመጫ በዚሁ ዘዴ ሠርቶ ለገበያ አቅርቦ ነበር። ከ2009 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ሃይፋይማንና ኦዲዚ የተባሉት ድርጅቶች ዘዴውን እንደገና አስፋፍተውታል። በ2023 ዓ.ም. ሶኒ በኮምፒዩተር ጨዋታ ክፍሉ በኩል ኦዲዚን ገዝቷል። እንግዲህ ዕቃው ለአንድ ወቅት ብቻ ታይቶ የሚጠፋ እንዳልሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ጀርባው ክፍት ነው ሲባል የውጭው ክዳን እንደ ወንፊት የተበሳ ነው ማለት ነው። ከገለፈቱ በስተኋላ የሚወጣው ድምፅ በጽዋው ውስጥ ተመልሶ ሳይጋጭ ወደ ውጭ ይሄዳል። ስለዚህ ሰሚው ድምፁ በራሱ ውስጥ የታፈነ ሳይሆን በፊቱ የተዘረጋ ይመስለዋል፤ ጆሮውም በላብ አይጠመቅም።

ይህን ልዩነት ለገዥ ለማሳየት የበገና ቅጂ ማሰማት ጥሩ ዘዴ ነው። በገና 10 አውታር ያለው፣ ድምፁም ወፍራም የሆነ መሣሪያ ነው፤ በአውታሩ ሥር የምትገባው እንዚራ የምትባለው ቁራጭ ቆዳም ያንን የታወቀውን ንዝረት ትሰጠዋለች። በደካማ ማዳመጫ የአውታሩ ድምፅና ንዝረቱ ተደባልቀው እንደ ጉምጉምታ ይሰማሉ። በጥሩ ማዳመጫ ግን አውታሩ ለብቻው፣ ንዝረቱ ለብቻው፣ የደርዳሪውም ድምፅ ለብቻው ይለያል። ገዥው የሚያውቀውን ዜማ ሲሰማ ከብዙ የሻጭ ንግግር ይልቅ በጆሮው ይረዳል።

2ኛ/ ከምን መሣሪያ ጋራ ይገናኛል?

ገዥዎች ቅር ከሚሰኙባቸው ነገሮች አንደኛው የድምፅ ማነስ ነው። እኔ በጸሐፊነት በማገለግልበት የንግድ ቤትም አንድ ደንበኛ «ድምፁ ሞቷል» ሲል የመለሰው ማዳመጫ ከአምፕሊፋየር ጋራ በተገናኘ ጊዜ ቤቱን የሚሞላ ድምፅ አውጥቷል። ደንበኛው ያገናኘው ከእጅ ስልኩ ጋራ ብቻ ነበር።

በዚህ ረገድ ሻጩ በዕቃው መግለጫ ላይ ሁለት ቍጥሮችን ማንበብ ይገባዋል። አንደኛው በኦም የሚለካው ኢምፒዳንስ ነው፤ ይኸውም ማዳመጫው ለኤሌክትሪክ የሚያሳየው ተቃውሞ ነው። ሁለተኛው ሴንሲቲቪቲ የሚባለው ሲሆን፣ ማዳመጫው በ1 ሚሊዋት ኃይል ስንት ዴሲቤል ድምፅ እንደሚያወጣ ይነግራል። ሒሳቡም ቀላል ነው፤ 3 ዴሲቤል ለመጨመር ኃይሉ 2 እጥፍ ያህል፣ 10 ዴሲቤል ለመጨመር ደግሞ 10 እጥፍ መሆን አለበት።

ምሳሌ እንውሰድ። በሙዚቃ ውስጥ ለቅጽበት ብቻ የሚመጣው ከፍተኛ ድምፅ 110 ዴሲቤል ደረሰ እንበል። ሠሪዎቹ ባወጡት ቍጥር መሠረት የኦዲዚ ኤልሲዲ-ኤክስ 20 ኦምና 103 ዴሲቤል ስለ ሆነ፣ 5 ሚሊዋት ያህል ይበቃዋል፤ ይኸውም 0.3 ቮልት ገደማ ነው። የሃይፋይማን ሰንዳራ 37 ኦምና 94 ዴሲቤል ነው፤ ስለዚህ 40 ሚሊዋት ወይም 1.2 ቮልት ያህል ይፈልጋል። የዚያው ድርጅት ኤችኢ-6 የተባለው የቀድሞ ሥራ ግን 50 ኦምና 83.5 ዴሲቤል በመሆኑ 450 ሚሊዋትና 4.7 ቮልት ገደማ ካልተሰጠው አይበቃውም። ሦስቱም ፕላናር ናቸው፤ በመጀመሪያውና በመጨረሻው መካከል ግን የ90 እጥፍ ልዩነት አለ።

ከስልክ ጋራ የምትገናኘው ትንሽዋ ማስተላለፊያ ብዙውን ጊዜ የምትሰጠው 1 ቮልት ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። ስለዚህ ለመጀመሪያው ትበቃለች፤ ለሁለተኛው ለጥቂት ታንሳለች፤ ለሦስተኛው ግን ጨርሶ አትሆንም። «ኦሙ አነስተኛ ነውና ስልክ ይችለዋል» የሚለው የገበያ አነጋገር ብቻውን እንደማይበቃ ከዚህ ይታያል። በተጨማሪም አንዳንድ ሠሪዎች ሴንሲቲቪቲውን በ1 ሚሊዋት ፈንታ በ1 ቮልት ለክተው ይጽፋሉ፤ በዚህ አለካክ ቍጥሩ ከፍ ብሎ ይታያል። ሁለቱን ሳይለዩ ማወዳደር በኪሎና በፓውንድ የተመዘነን ቡና እንደ አንድ መቍጠር ነው።

በሌላ ወገን ደግሞ ሻጩ ገዥውን ከሚያስፈልገው በላይ ማስወጣት አይገባውም። የፕላናር ኢምፒዳንስ በወፍራምም ሆነ በቀጭን ድምፅ ጊዜ እምብዛም አይለዋወጥም። ስለዚህ በቂና ንጹሕ ኃይል ያለው መካከለኛ አምፕሊፋየር ሥራውን ይፈጽማል። እጅግ ውድ አምፕሊፋየር ወይም በብር የተሠራ ገመድ ካልገዛህ ድምፁ አይጠራም ብሎ መሸጥ ለአንድ ቀን ትርፍ ቢሰጥም ደንበኛን ያሳጣል።

3ኛ/ ትራሱ ከራስ ጋራ መግጠሙ

የጀርባው ክዳን ክፍት ቢሆንም፣ በጆሮው ዙሪያ ያለው ትራስ ግን ከቆዳ ጋራ በሚገባ መግጠም አለበት። በትራሱና በጉንጩ መካከል ክፍተት ካለ ወፍራሙ ድምፅ በዚያ በኩል ያመልጣል፤ ገዥውም «ቤዝ የለውም» ይላል። ክፍተት የሚፈጥሩትም የመነጽር እጀታ፣ ወፍራም ሹሩባ፣ ሻሽና ኮፍያ ናቸው። ስለዚህ ሻሹን ወይም ጠጉሩን ከጆሮው ዙሪያ ገለል ማድረግ፣ መነጽር ለሚያደርግ ሰው ደግሞ ለስላሳ ትራስ ያለውን መምረጥ ይገባል።

መግጠሙን ለመፈተን ወፍራም ድምፅ የበዛበትን ሙዚቃ ከፍቶ ሁለቱን ጽዋዎች በእጅ ቀስ ብሎ ወደ ጆሮ መደገፍ ነው። ወፍራሙ ድምፅ በዚያን ጊዜ እጅግ ከጨመረ ትራሱ አልገጠመም ማለት ነው። ነገር ግን ጽዋውን በድንገትና በኃይል መጫን አይገባም፤ የታመቀው አየር ስሱን ገለፈት ሊጎዳው ይችላል።

የትራሱም ዓይነት ድምፁን ይለውጣል። ቆዳ ወይም ቆዳ መሰል ትራስ በደንብ ስለሚገጥም ወፍራሙን ድምፅ ይጠብቃል፤ ነገር ግን ይሞቃል። ከፋይ የመሰለው የጨርቅ ትራስ ቀዝቃዛና ለቆዳ ምቹ ነው፤ ሆኖም ከወፍራሙ ድምፅ ጥቂት ያስመልጣል። ትራሱ ሲያረጅና ሲሟሽሽ ጆሮው ወደ ገለፈቱ ስለሚቀርብ የድምፁ ሚዛን ይዛባል። ስለዚህ «ማዳመጫዬ እንደ ቀድሞው አይደለም» የሚል ደንበኛ ሲመጣ ሻጩ አስቀድሞ ትራሱን ይመልከት፤ ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው አዲስ ማዳመጫ ሳይሆን አዲስ ትራስ ነው።

4ኛ/ ክብደትና ምቾት

ዜንሃይዘር ኤችዲ 600 የተባለው የታወቀ ተራ አሠራር ያለው ማዳመጫ 260 ግራም ያህል ይመዝናል። ሰንዳራው 372 ግራም፣ ኤልሲዲ-ኤክስ ደግሞ 612 ግራም ነው። ከግማሽ ኪሎ የበለጠ ሸክም በራስ ላይ ተሸክሞ ሦስትና አራት ሰዓት መሥራት ለሁሉም ሰው የሚቻል አይደለም። ይህም ድካም በሱቅ ውስጥ በአምስት ደቂቃ ሙከራ አይታወቅም፤ የሚታወቀው ከግማሽ ሰዓት በኋላ አናት ሲቈጠቍጥና አንገት ሲዝል ነው። ስለዚህ ለገዥው ወንበር ሰጥቶ ቢያንስ 20 ወይም 30 ደቂቃ እንዲያዳምጥ መፍቀድ ለሱቁ የጊዜ ኪሳራ ሊመስል አይገባም፤ ከመመለስ የሚያድን ነው።

አደራረጉም ሥርዓት አለው። አስቀድሞ ቅስቱን እስከ መጨረሻው ማሳጠር፤ ቀጥሎ ማዳመጫውን በራስ ላይ አድርጎ ጽዋዎቹን በሁለቱም ወገን እኩል ወደ ታች መሳብ፤ ጆሮው በትራሱ መካከል ሲያርፍና የላይኛው ጠፍር አናትን ሳይጫን ሲነካ ማቆም ነው። የጆሮው ጫፍ የውስጡን መከለያ መንካት የለበትም። አንዱ ወገን ወፈር፣ ሌላው ቀጠን ያለ ትራስ ከሆነ፣ ወፍራሙ ወገን ወደ ጆሮው ኋላ ይሁን። በቅስቱ ሥር ሰፊ የቆዳ ጠፍር የተዘረጋበት ዓይነት ክብደቱን በሰፊው ስለሚያከፋፍለው ለረጅም ሥራ ይመረጣል። ያም ሆኖ በየሰዓቱ ጥቂት ደቂቃ አውልቆ ማረፍ ለራስም ለጆሮም ይጠቅማል።

5ኛ/ የት ሆኖ ያዳምጣል?

ክፍት የሆነው ጀርባ ድምፅን ያስወጣል፣ ያስገባልም። ባለቤቱ የሚሰማውን በአጠገቡ የተቀመጠው ሰው ይሰማል፤ የመንገድ ጩኸትና የጎረቤት ወሬም ወደ እርሱ ይገባል። ስለዚህ ዕቃው በታክሲና በአውቶቡስ ውስጥ፣ ብዙ ሰው በሚሠራበት ቢሮ፣ ወይም ማይክሮፎን በተከፈተበት የቅጂ ክፍል ለሚፈልገው ሰው አይሆንም። ለእንዲህ ያለው ደንበኛ ጀርባው የተዘጋውን መስጠት ነው፤ ክፍቱን ፀጥ ባለ ክፍል ውስጥ ለሚያዳምጥ ወይም ለሚያቀናብር ሰው እንሽጥ።

የቦታው ነገር ከጤናም ጋራ የተያያዘ ነው። ጩኸት ባለበት ስፍራ በክፍት ማዳመጫ የሚሰማ ሰው ጩኸቱን ለመሸፈን ድምፁን ከፍ ያደርጋል። የዓለም የጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው ወሰን በሳምንት ለ40 ሰዓት 80 ዴሲቤል ነው፤ ድምፁ በ3 ዴሲቤል ከፍ ባለ ጊዜ ሰዓቱ በግማሽ ይቀነሳል። የፕላናር ድምፅ ጥርት ያለ ስለ ሆነ ከፍ ማለቱ ለጆሮ ቶሎ አይታወቅም፤ ጉዳቱ ግን አይቀርም። የጠፋ የመስማት ኃይል በመለዋወጫ አይመለስምና ይህን ለገዥው መንገር የሻጭ ግዴታ ነው።

6ኛ/ ድምፁን ለማስተካከል

አንዳንድ ሰው ሁሉም ነገር ተስተካክሎለት ሳለ ወፍራሙ ድምፅ አነሰኝ ይላል። ይህ የዕቃው ጉድለት ሳይሆን የምርጫ ጉዳይ ነው። ሾን ኦሊቭና የሥራ ባልደረቦቹ በሃርማን ድርጅት ያደረጉት፣ በ2013 ዓ.ም. የታተመ ጥናት አድማጮች ፈጽሞ ከተደላደለው ይልቅ ወፍራሙ ድምፅ ከፍ ያለበትን እንደሚወዱ አሳይቷል። ፕላናሩ ሳይዛባ ጭማሪውን ስለሚችል፣ በስልኩ ወይም በኮምፒዩተሩ ኢኳላይዘር ከ100 ሄርዝ በታች ያለውን በ4 ወይም በ5 ዴሲቤል ከፍ ማድረግ ይቻላል። ይህ ሲደረግ አጠቃላዩን ድምፅ በዚያው መጠን ዝቅ ማድረግ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ድምፁ ይቈራረጣል። 5 ዴሲቤል መጨመር 3 እጥፍ ያህል ኃይል ስለሚጠይቅም አምፕሊፋየሩ በቂ መሆን አለበት።

7ኛ/ አያያዝና አስመጪው የሚያስብበት

ክፍቱ ጀርባ ጠንካራ ማግኔት በውስጡ ስላለ የብረት ብናኝ ይስባል። አንዲት የብረት ፍቅፋቂ ወይም አንዲት ጠጉር ከገለፈቱ ላይ ብታርፍ ድምፁ ይንኰሻኰሻል። ስለዚህ ብረት በሚቀጠቀጥበትና በሚሞረድበት አጠገብ፣ ለምሳሌ በመርካቶ በምናለሽ ተራ አካባቢ ሱቅ ያለው ነጋዴ ለማሳያ ያወጣውን ማዳመጫ ሳይሸፍን አያሳድር። አቧራውንም በታመቀ አየር መንፋት አይገባም፤ ለስላሳ ደረቅ ጨርቅ ይበቃል።

አስመጪው ፕሮፎርማ ሲያስልክ ከማዳመጫው ጋራ መለዋወጫ ትራስ፣ ትርፍ ገመድና የ3.5ና የ6.3 ሚሊሜትር ጃክ መለወጫ አብሮ ይዘዝ። የገመዱ መሰኪያ ከሠሪ ሠሪ ይለያያልና የአንዱ ገመድ ለሌላው እንደማይሆን ልብ ማለት ያስፈልጋል። በዓለም አቀፉ የጉምሩክ ዕቃ መለያ ማዳመጫው በ8518.30፣ አምፕሊፋየሩ ደግሞ በ8518.40 ሥር ስለሚመደብ፣ ሁለቱን በደረሰኝ ላይ ለየብቻ ማስጻፍ በጉምሩክ መጋዘን ከሚመጣ መዘግየት ይከላከላል። ከአሜሪካ የሚመጣ አምፕሊፋየር ለ110 ወይም ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ እንዳይሆን መርምሮ፣ የአገራችንን 220 ቮልት የሚቀበለውን መምረጥ ይገባል። የዋስትናውም ቃል ከግዢ በፊት ይወሰን፤ የተበላሸው ዕቃ ወደ ውጭ ሲላክ የማጓጓዣውን ዋጋ ማን እንደሚከፍል ያልተጻፈበት ዋስትና ጭቅጭቅ እንጂ ዋስትና አይደለም።

እንግዲህ ነገሩን ለማጠቃለል፣ የዚህ ዕቃ ጥሩነት ግማሹ በፋብሪካ፣ ግማሹ በሱቅ ይፈጸማል። ፀጥ ያለ ክፍል ለሌለው ሰው፣ በቂ ኃይል ያለው መሣሪያ ለሌለው ሰው፣ ወይም አንገቱ ክብደቱን ለማይችል ሰው ከሁሉ የበለጠው ማዳመጫ እንኳ መጥፎ ዕቃ ነው። ሦስቱን ጥያቄዎች ጠይቆ «ይህ ለእርስዎ አይሆንም፤ ያኛው ይሻልዎታል» ለማለት የሚደፍር ሻጭ ለዛሬ ትንሽ ገንዘብ ቢያጣ እንኳ ነገ የሚመለስለት ዕቃው ሳይሆን ደንበኛው ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደ ተባለ፣ በችኰላ የተሸጠ ዕቃም በችኰላ ተመልሶ ይመጣል።